ጌሾ፦ ከዘጌ ደን እስከ ኮምፒውተር

በዘጌ እንደሚተረከው፣ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የበቀሉት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ፤ ደኑ ግን እስካሁን ቆሟል። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ኑሮው በቡናና በጌሾ ላይ ተመሠረተ። ቅጠሉ በጣና ዳር ገበያዎች ተሸጦ ጠላና ጠጅ ጋን ውስጥ ይገባል።

ጌሾ ለምን ይመራል? ጠማቂዋ መጠኑን ካወቀች ይበቃታል። ኬሚስቶች ግን ጠየቁ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቅጠሉ የተገኘውን መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» አሉት። የጓሯችን ቃል የኬሚስትሪ ቃል ሆነ ማለት ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ኬርሴቲን የሚባልም አለ፤ ቀይ ሽንኩርት ውስጥም ይገኛል። ኬርሴቲን አንቲኦክሲደንት ነው፦ ኤሌክትሮን ጎድሎት ሌላውን የሚያጠቃውን «ነፃ ራዲካል» ሃይድሮጅን ሰጥቶ ያበርደዋል።

ይህን ዛሬ ኮምፒውተር ያሰላዋል። ዋልተር ኮን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 መሠረቱን የጣለው፣ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘለት ዘዴ፣ ከኤሌክትሮኖች ጥግግት ተነስቶ የሞለኪውሉን ጉልበት ያወጣል። ሃይድሮጅኑን ለመንቀል በተራ ፌኖል 87 ኪሎ ካሎሪ በሞል ገደማ ይፈልጋል። እንደ ኬርሴቲን ሁለት ኦኤች ጎን ለጎን ሲኖሩ ግን ይቀንሳል፤ አንዱ ሲሰጥ ጎረቤቱ ይደግፈዋላ!

ስሌት ግን መድኃኒት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የምግቦችን አንቲኦክሲደንት አቅም የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ ከድረ ገጹ አንስቷል፤ በላቦራቶሪ ቱቦ የተለካ ነገር በሰው አካል ውስጥ ለሚሆነው ማስረጃ ስላልሆነ።

ሌላም ጣጣ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ኋላ ላይ ግን በእንዶድ ላይ ፓተንት ያወጣው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ለጄኔቲክ ሀብቷና ለማኅበረሰብ ዕውቀት አጥር አበጀች። ቅጠል ይዞ መውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

ኮምፒውተር ግን ቅጠል አይፈልግም፤ የሞለኪውሉ ቅርጽ ይበቃዋል። ዘጌዎች ለዘመናት ያቆዩት ተክል አንዲት ፋይል ሆኖ ይሄዳል፤ ፋይል ደግሞ ኤርፖርት ላይ አይፈተሽም።