ትጉሁ አስተርጓሚ

ቀድሞ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሰው ትእዛዙን ለመኪናው በሚስማማ አድካሚ ቋንቋ ይጽፍ ነበረ። በአሜሪካ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠራተኛ ጆን ባከስና ጓደኞቻቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ሥራ ጀምረው በ1957 ፎርትራን የተባለውን ቋንቋና አስተርጓሚውን ኮምፓይለር አወጡ። የመኪና ትርጕም ከሰው እጅ ሥራ ይዘገያል ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ኮምፓይለሩ ግን የተደጋገመውን ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ እያሠራ ጥርጣሬውን አስወገደ።

በዚያው ዓመት የሒሳብ መምህርት የነበሩት ፍራንሰስ አለን የትምህርት ብድራቸውን ለመክፈል ወደ ኩባንያው ገብተው ፎርትራንን ለተመራማሪዎች አስተማሩ። ትርጕምን የማፍጠን ጥበብንም አስፋፍተው የ2006ን የቱሪንግ ሽልማት በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ።

ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ታላቅ የጋራ ኮምፒውተር ተራ ጠብቀው ይሠራሉ። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ከአንዱ ሥራ የሚያተርፈው ሰዓት ለቀጣዩ ባለተራ ይደርሰዋል።