የይፋግ ገበያና የሲራራ አለቆች ምግባር

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ዛሬ ሊቦ ከምከም በሚባለው ወረዳ ከአዲስ ዘመን አጠገብ የምትገኘው ይፋግ፣ በዘመነ መሳፍንት ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በደቡቧ የፎገራ ሜዳ፣ በሰሜኗ የእንፍራዝና የጎንደር መንገድ፣ በምሥራቋ የደብረ ታቦር ደጋ ስላለ፣ ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በጎንደር በኩል ወደ ጎጃም የሚዘልቀው የሲራራ መሥመር በደጇ ያልፍ ነበር። ሲራራ ማለት ብዙ ነጋዴዎች ጭነታቸውን በአህያና በበቅሎ አስይዘው፣ ለደኅንነታቸው ሲሉ በአንድ አለቃ ሥር ተሰባስበው የሚያደርጉት የሩቅ አገር ንግድ ሲሆን፣ ባንክ፣ የተጻፈ ውልና በየደረሱበት የሚገኝ ዳኛ በሌለበት በዚያ ዘመን የአለቃው ጠባይ የግል ጉዳዩ ሆኖ የሚቀር ነገር አልነበረም። ታማኝ የተባለ አለቃ ብድር ያገኛል፣ አደራ ይቀበላል፣ ኬላ ያስከፍታል፤ ስሙ የጠፋ አለቃ ግን የቱን ያህል ብር ቢኖረው ተከትሎት የሚጓዝ አያገኝም። የይፋግ ታሪክ ይህ ጠባይ ንግድን የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚያቆም አብሮ ስለሚያሳይ ከአንድ የገጠር ገበያ ታሪክ በላይ የሚያነጋግር ነው።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የንግዱ አካሄድ ነበር። ከአፋር ረባዳ ምድር፣ ከአርሆ፣ በጡብ መልክ እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ይፋግ ሲደርስ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶም በጉድሩ አሰንዳቦና በእናርያ ሳቃ ከሰሜኑ ይልቅ ብዙ ነገር ይገዛ ነበር። ነጋዴው አሞሌውን፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅና በኦስትሪያ ንግሥት ምስል የተቀረጸውን የማርትሬዛ ብር ይዞ ይወርዳል፤ ሲመለስ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ፣ ከእነርሱም ጋር ባሪያዎችን ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ዓባይ ስለማይሻገር፣ የርብና የጉማራ ወንዞችም የፎገራን ሜዳ ስለሚያጥለቀልቁት ጉዞው ለወራት ይቋረጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ነጋዴ እጅ የወጣ ገንዘብ ትርፉን ይዞ እስኪመለስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበት ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡን የሚጠብቀው የተሸካሚው ቃል ብቻ ነው።

የዚህን መሥመር ንግድ በአብዛኛው በእጃቸው ይዘው የነበሩት ጀበርቲ የሚባሉት፣ ማለትም ከክርስቲያኑ ጋር በቋንቋና በኑሮ አንድ የሆኑ የደጋው ሙስሊሞች ነበሩ። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ በክርስቲያኑ ደጋ የርስት መሬት መያዝም በአጠቃላይ ለእነርሱ የተከለከለ ነበር። ማረሻ የተነፈገ ሕዝብ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ያዘነብላል፤ ክርስቲያኑ መኳንንትና ባለርስትም ንግድን ዝቅ አድርጎ ይመለከት ስለነበር ሜዳው ሰፊ ሆነላቸው። ከይፋግ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ደሪጣ በዚህ መንገድ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ሆና አደገች፤ ይፋግ ገበያው፣ ደሪጣ ደግሞ የነጋዴው ቤትና ቤተሰብ ሆኑ ለማለት ይቻላል።

መሬት የሌለው ነጋዴ ለብድር መያዣ የሚያቀርበው ርስት ስለሌለው የሚያስይዘው ስሙን ነው። ከዚህ የተነሣ አደራ፣ ማለትም የሌላውን ንብረት ሳይነኩ ጠብቆ የመመለስ ግዴታ፣ በነጋዴው ዘንድ የሃይማኖት ትእዛዝም የሥራ መሣሪያም ሆነ። እስልምና ወለድን ይከለክላል፤ በምትኩ አንዱ ወገን ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱንና ጉዞውን አዋጥተው ትርፉን በስምምነት የሚካፈሉበትን ሥርዓት ይፈቅዳል፤ ይህም ሥርዓት ከሁለቱ አንዱ ቤቱ ተቀምጦ የሌላውን ሒሳብ አምኖ እንዲቀበል ያስገድደዋል። ክርስቲያኖች የሚመሩበት ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ አደራና ስለ ሽርክና የሚናገሩ አንቀጾች አሉት፤ አራጣንም ያወግዛል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በገበያ ላይ ሲገናኙ ሕጋቸው ቢለያይም የሚጠይቁት ምግባር ተቀራራቢ መሆኑ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ ከክርስቲያኑ መስፍን ጋር፣ ክርስቲያኑ ገበሬም ከሙስሊሙ ነጋዴ ጋር ሳይፈራሩ እንዲገበያዩ ረድቷል ብሎ መገመት ያስኬዳል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ይሰየማል፣ ዋስ ይጠራል፣ አንዱ በመስቀል ሌላው በቁርዓን ይምላል፤ መሐላውን የሚያከብደው ደግሞ ቅጣቱ ሳይሆን ሐሰተኛ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ገበያ የሚጠብቀው መገለል ነበር።

ንብረት የሚሸሸግበት ቦታም በዚሁ የአደራ ባህል ውስጥ የሚቆጠር ነው። ጦር ሲመጣ ባለሀብቱ ዕቃውን በጣና ደሴቶች ገዳማትና በየደብሩ ዕቃ ቤት ያስቀምጥ ነበር። በሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ፣ በእመምኔቷ በወለተ ጴጥሮስ ስም የከበረች የመማፀኛ ሥፍራ በመሆኗ፣ ከይፋግ ጎን ለጎን የሀብታም ነጋዴዎች ከተማ ሆና ነበር። መነኮሳትና ነጋዴዎች በእምነት የሚራራቁ ቢመስሉም በዕቃ አደራ ግን ጎረቤት ነበሩ።

የሲራራው መሪ ነጋድራስ ይባላል፤ የነጋዴዎች ራስ፣ ማለትም አለቃ ማለት ነው። ሥራው ሁለት ፊት ነበረው። ወደ ነጋዴዎቹ ሲዞር የጉዞውን ቀንና የሠፈሩን ቦታ ይወስናል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ከየአገሩ ገዢ ጋር ተነጋግሮ መተላለፊያ ያገኛል፣ በመንገድ የሞተውን ሰው ንብረት ለቤተሰቡ ያደርሳል። ወደ ገዢው ሲዞር ግን ቀረጥ አስከፋይ ነው። ኬላ፣ ማለትም ጭነት ተቆጥሮ ቀረጥ የሚከፈልበት በር፣ በአብዛኛው የሚተዳደረው በግብር ጨረታ ዓይነት ነበር፤ ነጋድራሱ ለመስፍኑ የተወሰነ ገንዘብ በየዓመቱ ሊያገባ ይዋዋልና ከዚያ በላይ የሰበሰበው ለራሱ ይቀራል። ይፋግም ኬላ ነበራት። እንግዲህ አንዱ ሰው የነጋዴው ጠበቃና የነጋዴው ቀራጭ በሚሆንበት ሥርዓት ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅ የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ፣ ያለው የነጋድራሱ ኅሊና ብቻ ነበር። አስተዋይ የሆነው ነጋድራስ ዛሬ አብዝቶ ቢቀርጥ ነገ ሲራራው በሌላ መንገድ እንደሚዞርበት ያውቃልና ይታገሣል፤ ሥልጣኑን በብዙ ብር የገዛውና በቅርቡ እንደሚሻር የሚጠረጥረው ግን ለመታገሥ ምክንያት የለውም። ከዚህ የምንረዳው የመሪው ምግባር ከሥልጣኑ ዕድሜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው፤ ስለ ነጋዴዎች ጨዋነት ወይም ስግብግብነት ሲወራ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከ1823 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ መቀመጫውን በደብረ ታቦር ያደረገው የራስ ዓሊ ሁለተኛ አገዛዝ ለይፋግ ጥሩ ዘመን ነበር። ገበያውን ከመንግሥቱ መቀመጫ የሚለየው አጭር ጉዞ ነበርና ሸቀጡ ገዢ አላጣም፤ ከየጁ የመጣው የራሱ ቤተሰብም ቅድመ አያቶቹ ሙስሊሞች ስለነበሩ በነጋዴዎቹ ላይ የሃይማኖት ጫና አላበዛባቸውም። በዚህ ዘመን ወደ አገሪቱ የገቡት ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲና ወንድሙ አርኖ፣ የሲራራውን ኑሮ በቅርብ ከተመለከቱት የውጭ ሰዎች መካከል ይገኛሉ፤ አንቷን እ.ኤ.አ. በ1843 እናርያ የደረሰው ይህንኑ የነጋዴዎች መንገድ ተከትሎ ነው።

ነገር ግን ስለ ሲራራው አለቆች ምግባር የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ አንድ ጉዳይ ላይ ቆም ማለት አለበት። ለባልንጀራው አሞሌ አንድ እንኳ የማያጎድለው፣ የሙት ልጅን ገንዘብ ከዓመት በኋላ ቆጥሮ የሚያስረክበው ነጋዴ፣ ከጊቤ ማዶ የተገዙ ሕፃናትን ከጭነቱ ጋር ወደ ሰሜን ይነዳ ነበር። ክርስቲያኖች ባሪያ እንዳይሸጡ በሕግ ቢከለከሉም ገዝተው ማኖር አልተከለከሉምና ነውሩ የሻጩ ብቻ ተደርጎ ተወሰደ፤ በእርግጥ ግን የገዢው፣ የሻጩና ቀረጡን የሚበላው መስፍን የጋራ ሥራ ነበር። ስለዚህ የይፋግ ነጋዴዎች ታማኝነት እውነተኛ ቢሆንም የሚሠራው እንደ ሰው በሚቆጠሩት ክልል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ክልል ውጭ ለተጣለው ሕፃን የነጋዴው ሐቀኝነት ምንም አልጠቀመውም። የቀድሞውን ነጋዴ የሥነ ምግባር አርአያ አድርገው የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ሲያልፉት ታሪኩን ያጎድሉታል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ ነጋዴውም ገበሬውም ወደየሥራው እንዲመለስ አወጁ፤ መሳፍንቱ ያበዟቸውን ኬላዎችም ለመቀነስ ሞከሩ። ሐሳቡ ለንግድ የሚበጅ ነበር። ይሁን እንጂ ሠራዊታቸውን የሚቀልብ ቋሚ ገቢ ስላላገኙና ዐመፅ ከየአቅጣጫው ስለበረታባቸው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የበጌምድርን ሀብት ወደ መዝረፍ አዘነበሉ፤ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። ዋና ደንበኛውን ያጣው የይፋግ ገበያም ከዚህ ጉዳት ሊያመልጥ አልቻለም። ከዚያ ቀጥሎ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ ብዙ ነጋዴ ቤተሰቦች አገር ለቀው ወጡ፤ በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ወዲያውም ክፉ ቀን የሚባለው ታላቅ ረሀብና የከብት እልቂት ተከተለ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲደራረብ በስም ላይ የቆመ ብድር ሊተርፍ አይችልም፤ ተበዳሪው ሲሰደድና አበዳሪው ሲሞት አደራን የሚቀበልም የሚመልስም አይኖርም። የመሪው ምግባር ሕግን ለጊዜው ሊተካ ቢችልም ሰላምን ሊተካ እንዳልቻለ የይፋግ ውድቀት ማስረጃ ነው።

የንግዱ ማእከል ወደ ሸዋ ከዞረ በኋላ የነጋድራስነት መዓርግ የመንግሥት ሹመት ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድ ሚኒስትርነቱን የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። በድሬዳዋ ነጋድራስነት ያገለገሉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ንግድንና ግብርን ከግለሰብ ጠባይ አውጥተው በእውቀትና በሥርዓት ላይ ለማቆም ተከራከሩ። የቀድሞው ነጋድራስ በኅሊናው ይመዝነው የነበረውን ጉዳይ እርሳቸው የመንግሥት ሥራ አድርገው ማየታቸው ትልቅ ለውጥ ነው።

በፎገራ ሜዳ ግን የግል እምነትን የድርጅት ደንብ የማድረግ ሌላ ሙከራ በ1964 ዓ.ም. ተጀመረ። በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አካባቢ የሰፈረ ሲሆን፣ ሴትና ወንድ በሥራም በመብትም እኩል እንዲሆኑ፣ አረጋዊና ሕመምተኛ በጋራ ገቢ እንዲጦር፣ ስርቆትና ሐሰት እንዲወገዝ ተስማምቶ የተነሣ ነው። አባላቱ በደርግ ዘመን መጨረሻ በደረሰባቸው ስደት እስከ ቦንጋ ድረስ ሄደው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ ብዙው መሬታቸው በሌሎች እጅ ገብቶ ስለጠበቃቸው ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው የሕብረት ሥራ ማኅበር አባላት የዓመቱን ገቢ የሚካፈሉት እኩል ነው። መሬት ማጣት ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ሲገፋ በዚህ አገር ይህ ሁለተኛው ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ የሲራራው አለቃ ምግባር የሚያበቃው በወገኑ ዳርቻ ሲሆን፣ አውራምባ ደግሞ ሴቷን፣ ሕፃኑንና ጉልበት ያነሰውን በሒሳቡ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገብቷል። ቢሆንም ማኅበረሰቡ ከመሥራቹ ሰብእና ጋር የቱን ያህል እንደተሳሰረ ስንመለከት፣ ደንቡ በራሱ የሚቆም መሆኑን ለመፍረድ ጊዜው ገና ነው።

ይፋግ ራሷ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። ዋናው ገበያ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ወረታ ሄደ፤ በተለይ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ቻይናውያን ወደ ወልድያ የሠሩት መንገድ የሚገናኙባት ስለሆነች፣ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻም ሜዳውን ስለሸፈነው፣ ነጋዴው ሁሉ ወደዚያ ተሰበሰበ። ስለ አሮጌው ገበያ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በአውሮፓውያን መንገደኞች እጅ ሲሆን፣ የነጋዴዎቹ ወገን የሚናገረው በደሪጣና በይፋግ ሽማግሌዎች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍሎች ይህን ትውፊት፣ በየመስጊዱና በየደብሩ ያሉትን የውርስና የአደራ ሰነዶች ጨምረው፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ሊሰበስቡት ይገባል።