ከትርምስ ውስጥ አቅጣጫ

በመቱ አቅራቢያ ሶር ወንዝ ላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ሥራው ለማንም ግልጽ ነው። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ተርባይኑን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። ግን ጉልበቱ ቁልቁለት ባይኖረውስ? በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያለች ቅንጣት በሞለኪውሎች ግራ ቀኝ ትገፋለች፤ ስትዋትት ትውላለች እንጂ የትም አትደርስም። ከዚህ ትርምስ ሥራ ማውጣት ይቻላል ወይ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቲዎሪ ፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪዎቻቸው ጋር ብዙ የሠሩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ «ይቻላል፣ ግን በነፃ አይደለም» የሚል ነው። የቅንጣቷ መንገድ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ይሁን፤ ከፊሉ ይሙቅ፣ ከፊሉ ይቀዝቅዝ። ያኔ ቅንጣቷ በአማካይ ወደ አንድ አቅጣጫ ትሄዳለች፤ ኢምንት የሙቀት ሞተር ሆነች ማለት ነው።

የሰውየው ሕይወትም ትርምስ አላጣውም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ተምረው ወደ አራት ኪሎ ተመለሱ። ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ፤ እሳቸውም ለዓመታት ታሰሩ። እዚያም ማስተማር አልተዉም፤ ተማሪዎቻቸው እስረኞች ሆኑ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከእስር ከወጡ በኋላ ነው፤ እኩዮቻቸውን ዘግይተው፣ በሕንድ ባንጋሎር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ከሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን ጋር ተቀበሉ። ሳካሮቭ የሶቪየትን ሃይድሮጂን ቦምብ ከሠሩት አንዱ ነው፤ በኋላ መንግሥቱን በመተቸቱ ከ1980 እስከ 1986 ጎርኪ ከተማ በግዞት ኖሯል። ያ መንግሥት የደርግ ዋና ደጋፊ እንደነበር ልብ ይሏል።

መቱ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ሰሞን የተከፈተ ነው። እንዲህ ባሉ አዳዲስ ግቢዎች ፊዚክስ የደረሰው ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «ተምሬው ምን ሥራ አገኛለሁ?» ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ እንጀራ ነው። ሆኖም ቤተ ሙከራ፣ መጽሐፍ፣ ደመወዝ በሌለበት፣ ከነገ መትረፉም በማይታወቅበት ቦታ የፊዚክስ ክፍል ነበር። መምህሩ የያዙት ጭንቅላታቸውን ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹም ለሥራ ብለው አልተማሩም።