አራት ለባዶ

ደጋፊ ሲናደድ ታሪክ ይጠራል። ቡድኑ ባሸነፈ ጊዜ የዕለቱ ጎል ይበቃዋል፤ በተሸነፈ ጊዜ ግን አያቶቹን ከመቃብር ቀስቅሶ ያስመሰክራል። እኛ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊዎች በተዋረድን ቁጥር የምንጠራው አንድ ዘመን አለን፤ 1954 ዓ.ም.። «የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች አገር እንዴት እንዲህ ትሁን?» እንላለን። የምንጠራው ምስክር በእርግጥ ለንዴታችን ይመሰክር እንደሆነ ልጠይቀው ወደድሁ።

ንዴቱ እጅግ ከመረረባቸው ምሽቶች አንዱ ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ነበር። በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸንፈው ስለመጡ ድምሩ እኩል ሆነ፤ ከሜዳቸው ውጭ ያገቧቸው ሦስት ጎሎች ግን አሳለፏቸው። ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ የመጀመሪያችን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት! በ1974 የተወለደ ሕፃን ጎልምሶ የራሱን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ስታዲየም የሚገባበት ዕድሜ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ኔልስፕሩት ከተማ ውስጥ ከዛምቢያ ጋር ሆነ። ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ቀኑም ጥር 13 ነበር፤ የ1954ቱ ድል ልክ 51ኛ ዓመት። በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ሲወጣ ከደጋፊው መካከል ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ተወረወረ። ያም ሆኖ ዐሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ «ዘንድሮስ!» አልሁ።

በአራተኛው ቀን በዚያው ሳሩ በተመናመነ፣ አሸዋ በበዛበት ሜዳ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተገናኘን። አላን ትራኦሬ በ34ኛው ደቂቃ አገባ። ከዕረፍት በኋላ የቡርኪና በረኛ ከክልሉ ወጥቶ ኳስ በእጁ በመንካቱ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። አሁን ባለ ሙሉ ቁጥር እኛ ነን፤ ግማሽ ሰዓትም ቀርቶናል። ንዴቱን የወለደው ይህ ተስፋ ይመስለኛል። አንድ ጎል ፍለጋ ሁሉም ወደፊት ሲተም ኋላው ተከፈተ፤ ዐሥር ሰው የቀረው ቡድን በዚያ ቀዳዳ እየገባ ሦስት ጎል ጨመረ። የመጨረሻዋ በባከነ ሰዓት በፒትሮይፓ የገባች ናት። አራት ለባዶ። ከኃይለኛ ጋር ታግሎ መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት የጎደለው ባላጋራ ሲጥል ግን ውድቀቱ ሌላ ስም ያገኛል።

በዚያ ስታዲየም የነበረው ደጋፊ ማን እንደነበር ማሰብ ይገባል። ብዙው ከአገር ቤት የሄደ አልነበረም፤ ኑሮውን እዚያው ያደረገ ስደተኛ ነበር። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ጨርቅና ጫማ የሚቸረችር፣ በየመንደሩ ትንሽ ሱቅ የከፈተ፣ በ2000 ዓ.ም. በባዕዳን ላይ የተነሣውን ጥቃት ያየ ወይም የሰማ ሕዝብ ነው። እንዲህ ላለ ሰው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ አደባባይ መዋል ከጨዋታ በላይ ነበር። በማግሥቱ ሱቁን ሲከፍት «አራት ገባባችሁ» የሚለውን ፌዝ የሚሰማው እሱ ነው። የእሱን ንዴት ከእኔ ንዴት ጋር ማወዳደር አልደፍርም።

አሁን ወደ ምስክሩ ልመለስ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር፤ ያች አገር በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግብፅ ጠበቀችን፤ አድ ዲባ የተባለው አጥቂዋ አራቱንም ጎሎች ብቻውን አገባ። አራት ለባዶ። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ከግብፅ ጋር ተጫወትን። እንደገና አራት ለባዶ።

በሦስተኛው ነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የመጣው። አራት ቡድኖች ብቻ በተካፈሉበት ውድድር፣ በገዛ ሜዳችን፣ ንጉሠ ነገሥቱ እያዩ፣ ይድነቃቸው ተሰማ የመሩት ቡድን ከዚያችው ግብፅ ጋር ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመራ፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፤ 4 ለ 2 አለቀ።

እንግዲህ ምስክሩ የሚናገረው እኛ ከጠበቅነው የተለየ ነው። ዋንጫው ከሁለት አራት ለባዶዎች በኋላ የመጣ ነው። እኛ ግን ድሉን ወርሰን ሽንፈቱን ከውርሱ አወጣነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ሽንፈት አዲስ ውርደት፣ ካባቶቻችን ቤት የተሰረቀ ንብረት ይመስለናል። በ1962 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአይቮሪኮስቱ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አግብቶብን 6 ለ 1 መሸነፋችንን፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ አንዲት ጎል ሳናገባ መመለሳችንን ስንቶቻችን እናነሣለን?

ከኔልስፕሩት በኋላ የወደቀ ዛፍ ምሣር በዛበት። ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፋ ሸኘችን፤ ተጫዋቹም አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻውም ተወቀሱ። የካቲት 3 ቀን ለፍጻሜ የተገናኙት ግን እኛኑ ያሸነፉት ሁለቱ፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ነበሩ። ይህ ሲታወቅ የተነገረው ቃል ሁሉ ተነግሮ አልቆ ነበር።

ንዴት ክፉ ነው አልልም፤ ግድ የሌለው ሰው አይናደድም። የምለው ንዴታችን የሚገባውን በር ያንኳኳ ዘንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ካሜሩን ያውንዴ ላይ 4 ለ 1 አሸነፈችን፤ ቁጣውም እንደ ልማዱ ነደደ። በአራተኛው ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ ኔልስፕሩትን ያስታወሰ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 ረታን፤ በ«ሜዳችን»። ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ ያን ጊዜ በአገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚፈቅደው አንድም ስታዲየም አልነበረንምና። አያቶቹ በ1954 ዓ.ም. ግብፅ ስትሸነፍ በዐይናቸው ያዩት የአዲስ አበባ ልጅ ያን ድል ያየው በቴሌቪዥን ነው። በአራት ለባዶ ከተቃጠልነው ሩቡን ያህል በዚህ ተቃጥለን ቢሆን ኖሮ እላለሁ።