ሰው ስለ ምን በበግ ተመሰለ

ቅዱሳት መጻሕፍት ሰውን በብዙ ነገር ይመስሉታል፤ በሣርም፣ በአበባም፣ በሸክላም፣ በወይን ቅርንጫፍም። ሕዝብን በአንድነት ሊጠሩት ሲፈልጉ ግን አዘውትረው የሚያመጡት ምሳሌ የበግ መንጋ ነው። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች የበግን የዋህነት ብቻ ያስባሉ፤ ሌሎችም ሰው አላዋቂ ተብሎ የተነቀፈ ይመስላቸዋል። የመጻሕፍቱን ታሪክ ከሥር ለተከተለ ሰው ግን የምሳሌው ፍሬ ሌላ ነው፤ ምሳሌው በጉን ለማዋረድ ሳይሆን እረኛውን ለመጠየቅ የተነገረ ነውና።

በጉና ተራራ ዙሪያ የሚኖር የገሳይ፣ የደብረ ታቦርና የጋይንት ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የሀገሩ የቀድሞ ስም በጌ ምድር ነው፤ ብዙዎች ይህን ስም «የበግ ምድር» ብለው ይተረጕሙታል፤ ሌላ ፍች የሚሰጡም አሉ። ስሙ ከወዴትም ይምጣ፣ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ሥር፣ ጤፍ በማይበቅልበት ውርጭ፣ በግ የድኻው ሀብት ነው። ሥጋው ለበዓል፣ ጠጕሩ ለባና፣ ቆዳው ለተማሪ ደበሎ ይሆናል። ይህች እንስሳ ግን ከጅብና ከቀበሮ ጋራ የምትታገልበት ጥፍር የላትም። ጉም በወረደ ጊዜ ከመንጋው የተለየች እንደ ሆነ፣ ላም ወደ በረቷ ስትመለስ በግ ግን ባለችበት ቆማ ትጮኻለች። የእረኛዋን ድምፅ ግን ከብዙ ድምፅ መካከል ለይታ ታውቃለች። እንግዲህ በግ የምትድነው በእረኛዋ ትጋት ነው፤ የምትጠፋውም በእረኛዋ ስንፍና ነው።

የእስራኤል አባቶችም እረኞች ነበሩ። ያዕቆብ 20 ዓመት የላባን መንጋ ሲጠብቅ የቀን ሐሩርና የሌሊት ቍር አገኘው፤ አውሬ የሰበረውንም ከራሱ ይከፍል ነበር። በኦሪት ሕግ አደራ የተቀበለ ሰው አውሬ የሰበረበትን ከብት ትራፊ አምጥቶ ለባለቤቱ ማሳየት ነበረበት፤ ነቢዩ አሞጽም፣ እርሱ ራሱ የቴቁሔ እረኛ ነበርና፣ ከአንበሳ አፍ ስለሚነጠቀው የበግ እግርና የጆሮ ቍራጭ ይናገራል። በዚህ ሕግ እረኛ የበጉ ጌታ አይደለም፤ አደራ ተቀባይ ነው።

በዚያ ዘመን የምሥራቅ ነገሥታት ሁሉ እረኛ መባልን ይወዱ ነበር። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ሕጉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ ራሱን የሕዝብ እረኛ ብሎ ጠራ። የእስራኤል ነቢያት ግን ይህን የክብር ስም ወደ ፍርድ መለሱት። ሕዝቅኤል በባቢሎን ምድር በምርኮ ሳለ እረኞችን ይወቅሳል፤ ጠጕሩን ለበሱ፣ የሰባውን አረዱ፣ የታመመውን ግን አልፈወሱም፣ የጠፋውንም አልፈለጉም ይላቸዋል። ከዚያም እግዚአብሔር በጎቹን ከእነርሱ እጅ ተቀብሎ ራሱ እንደሚፈልጋቸው ይናገራል። ጌታችንም ቸር ኖላዊ እኔ ነኝ ባለ ጊዜ ይህን ትንቢት ፈጸመ፤ ባለቤቱ ራሱ እረኛ ሆኖ መጣ።

በግእዝ «ርዕየ» በዐይን ሲጻፍ ጠበቀ፣ አሰማራ ማለት ነው፤ «ርእየ» በአሌፍ ሲጻፍ አየ ማለት ነው። ሁለቱ በፊደል ይለያያሉ፤ በአማርኛ አንደበት ግን አንድ ድምፅ ናቸው። ያላየ አይጠብቅምና ምሥጢራቸው ይገናኛል። ቤተ ክርስቲያንም ከልደት በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች፣ ከስብከትና ከብርሃን ቀጥሎ፣ ሦስተኛውን «ኖላዊ» ብላ ሰይማ ይህን ነገር በየዓመቱ ታሳስባለች።

ኢትዮጵያም የእረኛን ነገር በታሪኳ ቀምሳዋለች። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብለው ከመጡ ጀምሮ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። ጳጳሱ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም አይገኝም ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ዐፄ ቴዎድሮስን ቀብተው አነገሡ። ንጉሡ የተበታተነችውን ሀገር አንድ ለማድረግ ተነሥተው ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። ነገር ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬትና ስለ ካህናት ቍጥር ሁለቱ ተጣሉ፤ ጳጳሱም በመቅደላ ታሰሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት አቡነ ሰላማ በእስር ሳሉ ዐረፉ። ከሁለቱ ማን በደለ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ቤቱ የተቃጠለበትና ካህን የሚሾምለት ያጣው የበጌ ምድር ሕዝብ ግን በክርክሩ ውስጥ አልነበረም። ሁለት እረኞች ሲጣሉ የሚበተነው መንጋው ነው።

ኋላም በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ተሾሙ፤ ሕዝቡም የሀገሩን ልጆች በጵጵስና አየ። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ መከራ ፈተናቸው። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለወራሪው እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። ቅጥረኛ እረኛ ተኵላ ሲመጣ ይሸሻል፤ እነዚህ ግን ሳይሸሹ ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሲሆኑ ለብዙ ዘመን የተለመነው ነገር ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ እረኛው የሀገር ልጅ ስለ ሆነ ብቻ መንጋው አይጠበቅም። በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረው ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ ቍራሽ ለምኖ ያድጋል፤ ነገ እረኛ የሚሆነው ዛሬ የበግ ቆዳ ይለብሳል። እረኛ ከመሆን አስቀድሞ በግ መሆን እንዲገባ ይህ ልብስ ያስተምራል። ደብረ ታቦር በስሟ በምትጠራበት በነሐሴ 13 በዓልም እንዲህ ይተረካል፤ በታቦር ተራራ ብርሃን በወጣበት ሌሊት እረኞች ልጆች በሜዳ ቢዘገዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ኅብስት ይዘው ፈለጓቸው። እረኛም ቢሆን የሚፈልገው አለው።

ደብር ኢዮቤልዩ ሲያከብር ያለፉትን ዓመታት መቍጠሩ መልካም ነው። የኦሪት ኢዮቤልዩ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥርዐት ነበረው፤ በ50ኛው ዓመት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። መንጋውም የካህኑ፣ የአለቃውም አይደለም፤ ባለቤት አለው። በዓሉ በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ የሚጠይቀው በዐውደ ምሕረቱ የቆሙትን ብዛት ብቻ አይሆንም፤ ታምሞ ያልመጣው፣ ተጣልቶ የቀረው፣ አጥቶ ያፈረው ወዴት ነው ይላል፤ እረኛውም መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።