የቴአትር ዲግሪና የገንዘብ ሚዛኑ
የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልምድ፣ ከ1914 እስከ 2025

መግቢያ

አንድ የትምህርት ዘርፍ ለተመራቂው የሚያስገኘውን ገቢ መዝኖ፣ ዘርፉ ይስፋፋ ወይም ይታጠፍ ብሎ መወሰን በዕቅድ አውጭዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ አሠራር ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ቀልለው ከሚገኙት ዘርፎች አንዱ ቴአትር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ቴአትር በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነ፣ የዚያች አገር ታሪክ ሚዛኑ የሚለካውንና የማይለካውን ለይቶ ለማየት ይረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የዲግሪው አመጣጥ

በዩናይትድ ስቴትስ በቴአትር ዲግሪ የሚያሰጥ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው በ1914 በፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ ያቋቋመውም ቶማስ ውድ ስቲቨንስ ነው። በዚያው ዘመን ጆርጅ ፒርስ ቤከር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተውኔት አጻጻፍ ያስተምር ነበር። ከ1914 እስከ 1915 በዚህ ክፍል ከተማሩት መካከል በ1936 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዩጂን ኦኒል ይገኝበታል። ሆኖም ሃርቫርድ ተውኔትን በዲግሪ ደረጃ ለማስተማር ፈቃደኛ ስላልሆነ፣ ቤከር በ1925 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ዬል ይህን ለማድረግ የቻለው ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባለ ባለጸጋ ለቴአትር ትምህርት ቤቱ 1 ሚሊዮን ዶላር በመለገሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ኦኒልን የመሰለ ደራሲ ከአንድ ክፍል መውጣቱ የክፍሉን ተራ ተመራቂ ገቢ አያመለክትምና፣ ዕቅድ በእንዲህ ያለ ብርቅ ምሳሌ ላይ ሊመሠረት አይችልም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ገና ሲጀመር ጀምሮ የተማሪው ክፍያ ብቻውን የሚሸከመው እንዳልነበረ የሃርክነስ ስጦታ ያስረዳል።

፪. የወጪው መሸጋገር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጪውን በመሸፈን ረገድ መንግሥት ትልቅ ድርሻ ያዘ። በ1944 የወጣው የዘማቾች መቋቋሚያ ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ይሸፍን ስለ ነበር፣ የተዋናይነት ሙያን የመረጠ ዘማች ያለ ዕዳ ለመማር ዕድል አገኘ። በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ግን መንግሥት ዋስ የሚሆንበትን የተማሪዎች ብድር አቋቋመ። ከ2006 ጀምሮም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርታቸውንና የኑሯቸውን ሙሉ ወጪ ያህል ከመንግሥት እንዲበደሩ ተፈቀደ። በዚህ አኳኋን በስጦታና በመንግሥት ድጎማ ይሸፈን ከነበረው ወጪ ከፍ ያለው ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ተማሪው የወደፊት ደመወዝ ተሸጋገረ።

፫. ገቢው የማያድግበት ምክንያት

ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በ1966 ባሳተሙት ጥናት የመድረክ ጥበባትን ችግር በሚገባ አብራርተዋል። በፋብሪካ ውስጥ አዲስ መሣሪያ በገባ ቁጥር አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፤ ደመወዙም አብሮ ያድጋል። ዛሬ አንድ የሼክስፒር ተውኔት ለማሳየት የሚያስፈልገው የተዋናይና የሰዓት ብዛት ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከነበረው እምብዛም አልቀነሰም። ስለዚህ የቴአትር ቤት ወጪ ከትኬት ገቢው ቀድሞ ይሄዳል፤ ጉድለቱም የሚሞላው በድጎማ ወይም በተዋናዩ አነስተኛ ክፍያ ነው።

ይኸው ምክንያት በመማሪያ ክፍልም ይሠራል። የድምፅና የእንቅስቃሴ መምህር በአንድ ጊዜ ሊያሠለጥን የሚችለው ጥቂት ተማሪዎችን ነው። እንግዲህ የቴአትር ተማሪ በሁለት ወገን ይያዛል ማለት ነው፤ ትምህርቱ ይወደድበታል፤ ሙያው ግን በዚያው መጠን አይከፍለውም።

፬. የ2017 ውሳኔ

ይህ ሁኔታ ጎልቶ የታየው በጃንዋሪ 2017 ነው። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2014 ባወጣው ደንብ መሠረት የተመራቂዎችን ዕዳ ከገቢያቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ በሃርቫርድ ሥር ከ1987 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የሁለት ዓመት የተዋናይነት ሥልጠና ወደቀ። የተመራቂዎቹ ዕዳ 78,000 ዶላር ያህል፣ የዓመት ገቢያቸው ደግሞ 36,000 ዶላር ያህል ነበር። ደንቡ ከሚጠይቃቸው መለኪያዎች አንዱ የዓመት የዕዳ ክፍያ ከጠቅላላ ገቢ 12 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። የ36,000 ዶላር 12 በመቶ 4,320 ዶላር ነው። 78,000 ዶላር ግን ወለዱ ሳይታሰብ ለ15 ዓመት እንኳ ቢከፋፈል በዓመት 5,200 ዶላር ይደርሳል። ተቋሙ ከዚህ በኋላ አዲስ ተማሪ መቀበሉን አቆመ።

ደንቡ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከተው የምስክር ወረቀት የሚያሰጡ ሥልጠናዎችን ብቻ ስለ ነበር፣ በተመሳሳይ ሙያ ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አልተመዘኑም። ደንቡም ራሱ በ2019 ተሻረ፤ በ2023 ደግሞ ተሻሽሎ እንደገና ወጣ።

፭. የዬል መንገድ

በ2021 የዬል የቴአትር ትምህርት ቤት ከዴቪድ ጌፈን ድርጅት 150 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ተቀብሎ፣ 200 ያህል ለሚሆኑት ተማሪዎቹ በሙሉ ትምህርቱን ያለ ክፍያ አደረገ። የተዋናይ ደመወዝ በዚህ ምክንያት አልጨመረም፤ ሙያውም ያው ነው። በሚዛኑ ላይ የተለወጠው የዋጋው ወገን ብቻ ሲሆን፣ ይህም ብቻ ፍርዱን ለመለወጥ በቂ ነው።

በ2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን በሌላ በኩል ሄዷል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የ2006ቱ የድኅረ ምረቃ ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎቹ ገቢ ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ከጨረሱ ሠራተኞች ገቢ በተደጋጋሚ የሚያንስ ትምህርት የመንግሥት ብድር እንዳያገኝ ደንግጓል። ይህ ተማሪውን ከከባድ ዕዳ ሊጠብቀው ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርቱን ለደኻ ልጅ ዘግቶ ለባለጸጋ ልጅ ብቻ ክፍት ሊያደርገውም ይችላል።

ማጠቃለያ

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። አቶ ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረው ተመልሰው በመድረክም በማስተማርም አገልግለዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍልም በ1978 ተቋቁሟል። በ2003 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ድርሻውን እንዲመልስ በመደንገጉ፣ ክፍያውን ከደመወዙ ጋር አያይዞታል።

ስለሆነም የአንድ ዘርፍ ተመራቂ ገቢ አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ዕቅድ አውጭው ዘርፉን ከማጠፉ አስቀድሞ ወጪውን ማን እንደ ተሸከመ ሊጠይቅ ይገባዋል። የሙያ ምክር የሚሰጥ መምህርም ተማሪውን «ቴአትር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» በሚል ጥያቄ ብቻ ከመሸኘት ይልቅ፣ ትምህርቱ ስንት እንደሚያስከፍልና የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አብሮት ቢያሰላ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ያለ ዕዳ የተማረ ተዋናይ በአነስተኛ ደመወዝ ሙያውን ይዞ ሊቆይ ሲችል፣ በዕዳ የተማረው ግን ገና ሳይበስል መድረኩን ጥሎ ለመሄድ ይገደዳል።