ብርሃን የሚያጠፋው ቀይ

በእኛ አገር ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን በዚያው ሰሞን የዛፎች ቅጠል ቢጫና ቀይ መሆን ይጀምራል፤ እስከ ኅዳር ድረስም ይረግፋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ይህንን መልክዓ ምድርና ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የወቅቱን ፍሬዎች መሣል ይወዱ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ሃንት በፍራፍሬና በወፍ ጎጆ ሥዕሎቹ ዝነኛ ነበር።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የምታዩት ቀለም ሠዓሊው የቀባው ቀለም ነው? ብዙ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

የውሃ ቀለም የሚሠራው ከተፈጨ ቀለምና ወረቀት ላይ ከሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው። ውሃው ሲተን የሚቀረው በጣም ስስ ሽፋን ስለሆነ ብርሃንና አየር በቀላሉ ይደርሱበታል። ቡናማውና ቢጫው ከአፈር ከመጣ ችግር የለም። በውስጡ ያለው የብረት ውህድ የዝገት ዘመድ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ቀድሞውኑ ስለተዋሃደ ፀሐይ ብዙም አትጎዳውም። ደማቁ ቀይ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማደር ተክል ሥር ወይም ከኮቺኒል ነበር። ኮቺኒል ቁልቋል ላይ የምትኖር ትንሽ ተባይ ናት፤ ትግራይ ውስጥ በለስን ያጠቃችውም እሷው ናት። የእነዚህ ቀለሞች ሞለኪውል ብርሃን ሲመጥ ጉልበት ያገኝና ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይሰበራል። ሲሰበር ቀለሙም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ጉዳይ በእንግሊዝ ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር። ሙዚየሞች ሥዕሎቹን እያበላሹ ነው? ዊልያም ራስልና ዊልያም አብኒ ክርክሩን ትተው ሙከራ ጀመሩ። ቀለም የተቀባ ወረቀት በመስታወት ቱቦዎች ውስጥ አድርገው ፀሐይ ላይ አቆዩ፤ አንዱ ቱቦ እርጥብ አየር፣ ሌላው ደረቅ አየር ነበረው፣ ከሌላው ደግሞ አየሩ ወጥቶ ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት፣ አየር በሌለበት አብዛኞቹ ቀለሞች አልደበዘዙም። እንደ መሐንዲስ ይህ ሙከራ ደስ ይለኛል፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ውጤቱን እይ።

አሜሪካዊው ዊንስሎው ሆመር በ1887 እ.ኤ.አ. አንድ የገጠር ልጅ እርሻ ላይ ቆሞ ሣለ። ሥዕሉ ያለው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ነው። ሰማዩ ነጭ ሊባል ምንም አልቀረውም። ተመራማሪዎች የቀሩትን ጥቃቅን የቀለም ቅንጣቶች በሌዘርና በብር ናኖ ቅንጣቶች ሲመረምሩ ምን አገኙ መሰላችሁ? የኮቺኒልና የማደር ቀለም! ያ ባዶ ሰማይ እሳት የመሰለ የፀሐይ መጥለቂያ ነበር።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ሥዕል ያለ ብርሃን አይታይም፤ በታየ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ይጎዳል። ሄንሪ ቮን የተባለ ሰብሳቢ የተርነርን 38 የውሃ ቀለም ሥዕሎች በ1900 እ.ኤ.አ. ለኤድንብራ ሙዚየም ሲያወርስ፣ የቀን ብርሃን በሚደክምበት በጥር ወር ብቻ እንዲታዩ አዘዘ።

እናንተም ሞክሩት። ወረቀት ላይ ቀይ የውሃ ቀለም ቀቡ፣ ግማሹን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑ፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉና ጥቂት ወራት ጠብቁ። ውጤቱ እንደ ቀለሙ ዓይነት ይለያያል። ፎይሉን ስታነሱ የምታዩት ነገር፣ የምትወዱትን ሥዕል የት መስቀል እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።